ሙያ ከጎረቤት፦ የሩቢ ሞጁል ለክላሱም ለኢንስታንሱም ሲሰጥ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ፕሮግራመሮች የተደረገ ንግግር ነው። እንደተነገረ ቀርቧል፤ ስክሪን ላይ የነበረው ኮድ ግን በቃል ተገልጿል።)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ዘመድ መጠየቅ አለ፣ ገበያ አለ፣ እረፍት አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ሩቢ ስለሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ቅረቡ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ሞጁል ነው፤ ሞጁል ማለት አንድ ጊዜ ተጽፎ ለብዙ ክላስ የሚሰጥ የሙያ ጥቅል ነው። ክላስ ማለት ኦብጀክት፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ያለ አንድ ነገር፣ የሚቀረጽበት ቅርጽ ነው፤ ኢንስታንስ ደግሞ ከዚያ ቅርጽ የወጣው አንዱ ኦብጀክት ነው። ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ክላስ የሚመልሰው ጥያቄና ኢንስታንስ የሚመልሰው ጥያቄ ለምን ይለያያል? ሁለተኛ፣ ኢንክሉድ እና ኤክስቴንድ ምንድን ናቸው? ሦስተኛ፣ አንድ ሞጁል ለሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ እንዴት እናደርጋለን? በመንገዳችን ሁሉ አንድ ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃችኋለሁ። ለማን ነው የምትሰጡት? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ለማን ነው የምትሰጡት?

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት የአንዲት እናት ታሪክ ልንገራችሁ።

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደምትሆን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍሉት ሦስት ከተረፈ፣ ጳጉሜ 6 አለች። 2015ን ለአራት አካፍሉት፤ ሦስት ይተርፋል። ስለዚህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀጣዩ እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ለአንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሲስተም በሩቢ ሠርቼ ነበር። አራት ክላስ ነበረው፤ ተማሪ፣ መምህር፣ ክፍያ እና ሰርተፊኬት። አራቱም ቀን ይፈልጋሉ፤ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር መጻፍ አለበት። ምን አደረግሁ? ተማሪ ላይ የጻፍኩትን ቀን መቀየሪያ ኮፒ አድርጌ መምህር ላይ ለጠፍኩት። ክፍያ ላይ ለጠፍኩት። ሰርተፊኬት ላይ ለጠፍኩት። ቆይቼ የጳጉሜ 6 ስሌት እንደተሳሳተ አየሁና አረምኩት። ሦስቱ ላይ አረምኩት። አራተኛው፣ ክፍያ፣ አመለጠኝ።

ያለ ቅጣት የሚከፈልበት የመጨረሻው ቀን ጳጉሜ 6 ነበር። አንዲት እናት በዚያው ቀን ከሥራ አስፈቅደው መጥተው ከፈሉ። የተሰጣቸው ደረሰኝ ግን «መስከረም 1 ቀን 2016» ይላል። ከበዓሉ በኋላ ሲመጡ ዘግይተዋል ተባሉና ቅጣት ተጠየቁ። ደረሰኙን ይዘው «እኔ የከፈልኩት በዋዜማው ነው፤ በእንቁጣጣሽ ዕለት እዚህ ቢሮ ማን ነበር?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገሩ ተጣርቶ ቅጣቱ ተነሣላቸው። ነገር ግን ያቺ ጠዋት እስካሁን ከልቤ አልወጣችም። ለምን? ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንድ እውቀት በአራት ቦታ አስቀምጬ ነበር። አንድ እውቀት አራት ቦታ ከተቀመጠ አንድ ቀን አራቱ ይለያያሉ። ስለ ሞጁል የምናገረው ለዚህ ነው።

እሺ። አንደኛው ነጥብ።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ። ትልቅ ጥቁር መዝገብ ነበራቸው፤ እኔና እህቴ መንካት አይፈቀድልንም። ሰው መጥቶ «አባላት ስንት ደረሱ?» ሲል መዝገቡን ገልጠው ይነግሩታል። ይህ ጥያቄ የእድሩ ጥያቄ ነው። አንድ አባል ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። «የዚህን ወር ከፍለዋል?» የሚለው ግን የእያንዳንዱ አባል ጥያቄ ነው። እድሩን «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? የለም።

በሩቢም እንደዚሁ ነው። ተማሪ የሚለው ክላስ እንደ እድሩ ነው፤ ከእሱ የሚፈጠረው እያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ እንደ አባሉ። «በጳጉሜ የተመዘገቡትን ሁሉ አምጣልኝ» የሚባለው ክላሱ ነው፤ ይህ የክላስ ሜተድ ነው፤ ሜተድ ማለት ኦብጀክት ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥበት ኮድ ነው። «አንተ የተመዘገብክበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?» የሚባለው አንዱ ተማሪ ነው፤ ይህ የኢንስታንስ ሜተድ ነው። ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ ክላስ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ኦብጀክት የሚቀረጽበት ቅርጽ ነው። አንድ ነገር ግን አሁን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል። በሩቢ ክላስ ራሱ ኦብጀክት ነው። እሱም እንደማንኛውም ኦብጀክት ይጠየቃል፣ ይመልሳል።

ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ።

እናቶቻችን «ሙያ ከጎረቤት» ይላሉ። ልጅ ከእናቷ መልክ ትወርሳለች፣ ስም ከአባቷ ትወርሳለች። ሙያ ግን ከእናቷ ብቻ አይደለም። ጠላ አጠማመቅ ከአንዷ ጎረቤት፣ ስፌት ከሌላዋ፣ ድግስ ማሰናዳት ከሦስተኛዋ ትማራለች። እናቷ አንድ ናት፤ ሙያ ያስተማሯት ግን ብዙ ናቸው። የሩቢ ክላስም አንድ ወላጅ ክላስ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ወላጅ አይፈቀድለትም። ሙያ ግን ከፈለገው ያህል ሞጁል መቅሰም ይችላል።

ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ በጃፓን ሩቢን በፈረንጆቹ 1993 ሲጀምር፣ በ1995 መጨረሻም ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ፕሮግራመሩ በሥራው እንዲደሰት አስቦ ነው። ከብዙ ወላጅ መውረስ የሚያመጣውን መወሳሰብ ትቶ ሞጁልን መረጠ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ እንዲህ የሚደባለቅ ሞጁል የሚጠራበት «ሚክሲን» የሚባለው ስም የመጣው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሶመርቪል ከተማ ከነበረ አይስክሬም ቤት ነው። እዚያ አይስክሬሙ ላይ ደንበኛው የመረጠው ለውዝ ወይም ብስኩት ይደባለቅበት ነበር፤ ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ቃሉን ከዚያ ወሰዱት።

አሁን እጃችሁን አውጡልኝ። ሩቢ ስትጀምሩ መጀመሪያ የጻፋችሁት ቃል ምን ነበር? «ፑትስ»! አዎ፣ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው። ፑትስን ማን ሰጣችሁ? ከርነል የሚባል ሞጁል ነው የሰጣችሁ። ኦብጀክት የሚባለው ክላስ ከርነልን ኢንክሉድ ስላደረገ ነው በሄዳችሁበት ሁሉ ፑትስ የሚሠራላችሁ። ሞጁልን ከማወቃችሁ በፊት በሞጁል እየተጠቀማችሁ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። ኮምፓራብል የሚባለው ሞጁል ከእናንተ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ኦብጀክት የሚያወዳድረውን ምልክት፣ ስፔስሺፑን፣ ጻፉልኝ ይላል። ያን አንዱን ከጻፋችሁለት ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው፣ በመካከል ነው የሚሉትን እያለ ሰባት ሜተድ ይመልስላችኋል። ኢኑመረብልም «ኢች» የሚባለውን አንድ ሜተድ ብቻ ይጠይቅና ማፕን፣ ሴሌክትን፣ ሶርትን፣ ሌሎችንም በርካታ ያመጣል። አንድ ሰጥቶ ሰባት መቀበል! ጥሩ ሞጁል እንዲህ ነው፤ የሚፈልገው ጥቂትና ግልጽ፣ የሚሰጠው ብዙ።

አሁን ወደ ቀኖቹ እንመለስ። ቀን መቀየሪያውን ከአራቱ ክላስ አወጣሁና አንድ ሞጁል ውስጥ አስገባሁት። ስሙን ዘመን አልኩት። ውስጡ ያለው ሜተድ የኦብጀክቱን ቀን ይወስድና በእኛ አቆጣጠር ይመልሳል። ተማሪ ላይ «ኢንክሉድ ዘመን» ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። ለማን ሰጠሁ? ለእያንዳንዱ ተማሪ! ኢንክሉድ የሚሰጠው ለኢንስታንሱ ነው። ተማሪውን ብትጠይቁት ቀኑን ይነግራችኋል። ክላሱን ብትጠይቁት ግን ኢረር ነው፤ እንዲህ ያለ ሜተድ አላውቅም ይላችኋል።

ሩቢ ይህን እንዴት ነው የሚያደርገው? ሜተዱን ኮፒ አያደርገውም። ሞጁሉን በክላሱና በወላጁ መካከል በሰልፍ ያስገባዋል። ተማሪውን አንድ ነገር ስትጠይቁት ሩቢ መጀመሪያ ክላሱን ያያል፣ ቀጥሎ ሞጁሉን፣ ቀጥሎ ወላጁን፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። «አንሴስተርስ» የሚለውን ክላሱ ላይ ብትጠሩ ሰልፉን በቅደም ተከተል ያሳያችኋል። ኮፒ ስላልሆነ ሞጁሉ ላይ ያረማችሁት ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታረማል። ያን ጊዜ ይህን አድርጌ ቢሆን ያቺ እናት ደረሰኝ ይዘው ባልተከራከሩ ነበር።

እሺ፣ «ይህ ዓመት ጳጉሜ 6 አለው ወይ?» የሚለውስ? ይህ የአንድ ተማሪ ጥያቄ አይደለም። ተማሪ ገና ሳይመዘገብም መጠየቅ አለብን። ክላሱ ነው የሚመልሰው። እዚህ ላይ ኤክስቴንድ ይመጣል። ክላሱ ውስጥ «ኤክስቴንድ» ብላችሁ ሞጁል ስትሰጡ፣ የሞጁሉ ሜተዶች የክላሱ የራሱ ይሆናሉ። ቅድም ክላስ ራሱ ኦብጀክት ነው ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ኤክስቴንድ የሚሰጠው ለጠራው ኦብጀክት ለራሱ ነው፤ የጠራው ክላስ ከሆነ ክላሱ ይቀበላል። ሩቢ ሲንግልተን ክላስ በሚባለው፣ የዚያ ኦብጀክት ብቻ በሆነ የግል ጓዳ ውስጥ ያስቀምጥለታል። ከተማሪ የሚወለድ ንዑስ ክላስ ካለም ይወርሰዋል።

እንድገመው? እንድገመው። ኢንክሉድ ለኢንስታንሱ። ኤክስቴንድ ለራሱ ለጠራው። ኢንክሉድ ለአባሉ፣ ኤክስቴንድ ለእድሩ።

እዚህ ላይ ከማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚወድቁባትን ጉድጓድ ላሳያችሁ። ሞጁሉ ውስጥ «ዴፍ ሰልፍ ነጥብ» ብለው ሜተድ ይጽፋሉ፤ «ዴፍ» ሜተድ የሚጀምርበት ቃል ነው፣ «ሰልፍ» ደግሞ የእኛ ወረፋ ሳይሆን «ራስ» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ክላስ ውስጥ እንዲህ ሲጻፍ የክላስ ሜተድ ስለሚሆን፣ ሞጁሉ ኢንክሉድ ሲደረግ ለክላሱ የሚያልፍ ይመስላቸዋል። አያልፍም! ሞጁሉ ውስጥ «ሰልፍ» ማለት ሞጁሉ ራሱ ነው። ያ ሜተድ የሞጁሉ የግል ንብረት ሆኖ ይቀራል። አንዲት ተማሪዬ በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ስትፈልግ አድራ በማግስቱ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ኮዷ ላይ የስፔሊንግ ስህተት አልነበረም። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለማን ነው የምትሰጪው?

ሦስተኛው ነጥብ። ዘመን የሚባለው ሞጁሌ አሁን ሁለት ዓይነት ሙያ አለው። አንዱ ለኢንስታንሱ፣ አንዱ ለክላሱ። አራቱም ክላስ ላይ ኢንክሉድም ኤክስቴንድም እያልኩ ሁለት ሁለት መስመር ልጻፍ? ይቻላል። ግን አንዱን የሚረሳ ሰው ይኖራል፤ የመርሳትን ዋጋ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

መፍትሔው ይህ ነው፤ ስክሪኑን እዩልኝ። ዘመን ውስጥ ሌላ ትንሽ ሞጁል አለ፤ የክላስ ሜተዶቹ በሙሉ እዚያ ገብተዋል። ልማዱ «ክላስ ሜተድስ» ብሎ መሰየም ነው። ከዚያ «ኢንክሉድድ» የሚባል ሜተድ በሞጁሉ በራሱ ላይ እንጽፋለን። አሁን «ሰልፍ» ብለን መጻፋችን ትክክል ነው፤ የምንፈልገው ሞጁሉ ራሱ እንዲሰማ ነውና። አንድ ክላስ ዘመንን ኢንክሉድ ባደረገ ቁጥር ሩቢ ይህን ሜተድ ይጠራና ማን እንደተቀበለ ይነግረዋል፤ ተቀባዩ «ቤዝ» በሚል ስም ይመጣል። እኛም አንድ መስመር እንጽፋለን፤ ቤዝን በክላስ ሜተድስ ኤክስቴንድ አድርገው። አለቀ። ከእንግዲህ ተማሪ ላይ «ኢንክሉድ ዘመን» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጻፈው። ኢንስታንሱም ይቀበላል፣ ክላሱም ይቀበላል። አንድ መሶብ ቀርቦ ቤተሰቡ በሙሉ ይበላል።

በሩቢ ድረ ገጽ በሚሠራበት በሬይልስ የምትሠሩ «ይህማ ኮንሰርን ነው» እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ትክክል ናችሁ። አክቲቭ ሰፖርት ኮንሰርን በፈረንጆቹ 2010 ከሬይልስ 3 ጋር ሲመጣ ይህንኑ ልማድ አሳምሮ ነው። የሚጨምረውም አለ። አንድ ሞጁል ሌላ ሞጁል ላይ ቢደገፍስ? ሁለተኛው የመጀመሪያውን ኢንክሉድ ሲያደርግ፣ ቤዝ ሆኖ የሚመጣው የመጨረሻው ክላስ ሳይሆን መካከል ላይ ያለው ሞጁል ነው፤ የክላስ ሜተዶቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኮንሰርን እውነተኛው ክላስ እስኪመጣ ይጠብቃል። ኮንሰርንን ተጠቀሙ፤ እኔም እጠቀማለሁ። የምለምናችሁ ግን መጀመሪያ በእጃችሁ አንድ ጊዜ ጽፋችሁት እወቁ። ከሥር ያለውን ያላወቀ ሰው ሲበላሽበት የት እንደሚጀምር አያውቅም።

ስለሚያደናቅፉን ነገሮች ሁለቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው ቆጣሪ ነው። ዘመን ውስጥ ስንት ቀን እንደተቀየረ የሚቆጥር ተለዋዋጭ በሁለት «አት» ምልክት ጻፍኩ። የተማሪን ቁጥር ስጠይቀው የክፍያውንም ደምሮ ሰጠኝ! በሁለት «አት» የተጻፈው ተለዋዋጭ የሞጁሉ ስለሆነ አራቱም ክላስ ከአንድ ካዝና ነበር የሚጽፉት። የሁለት እድር ገንዘብ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል? ጠብ ነው የሚያመጣው። ክላስ ሜተድስ ውስጥ በአንድ «አት» ስጽፈው እያንዳንዱ ክላስ የራሱን ሣጥን ያዘ።

ሁለተኛው የስም ግጭት ነው። ሁለት ሞጁል «ቀን» የሚል ሜተድ ቢያመጡ ማን ያሸንፋል? በኋላ ኢንክሉድ የተደረገው ለክላሱ ይቀርባል፤ ስለዚህ እሱ ይቀድማል። ክላሱ ራሱ «ቀን» ካለው ግን ክላሱ ከሁሉም ይቀድማል፤ የሞጁሉ ድምፅ አይሰማም፣ ኢረርም አይመጣም። ሞጁሉ ከክላሱ እንዲቀድም ከፈለጋችሁ ከሩቢ 2.0 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ከ2013 ማለት ነው፣ ፕሪፔንድ አለላችሁ። ዝም ብሎ ከመገመት ግን አንሴስተርስን ጠይቁ። ሰልፉን እዩ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ በግሌ የምወደው ነገር ነው። ሩቢ ከ2.0 ወዲህ ፋይሉን የዓለምን ፊደላት በሚይዘው በዩ ቲ ኤፍ 8 ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሜተድ በግዕዝ ፊደል መሰየም ይቻላል። «ዴፍ ቀን» ብላችሁ «ቀን»ን በገዛ ፊደላችን ጻፉት፤ ይሠራል! የሞጁልና የክላስ ስም ግን በግዕዝ ፊደል መጀመር አይችልም። የክላስና የሞጁል ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት የሚል ሕግ አለ፤ ፊደላችን ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ሩቢ የእኛን ፊደል እንደ ትንሽ ፊደል ያየዋል። ዘመን የሚለውን ሞጁሌን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የተገደድኩት ለዚህ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሜተዶች ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ጳጉሜ በግዕዝ ፊደል ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ስክሪኑ ላይ ሳየው፣ እናንተ ልጆች ሆይ፣ ደስታዬን መናገር አልችልም። አንድ የሰፈር ልጅ እንግሊዝኛው ገና ሳይጎለብት «ተማሪ ነጥብ ጳጉሜ» ብሎ ጽፎ መልስ ሲያገኝ አይቻለሁ። ፊቱ ሲበራ ብታዩት!

አሁን ኮምፒውተሮቻችሁን ክፈቱ። የሩቢ ኮድ እየጻፉ ወዲያው የሚሞክሩበትን አይ አር ቢን አስነሡ። የፈለጋችሁትን ክላስ ጻፉ፤ ተማሪ ይሁን፣ ሱቅ ይሁን፣ እድርም ይሁን። አንድ ሞጁል ጻፉለት። መጀመሪያ ኢንክሉድ ብቻ አድርጉና ክላሱን ጠይቁት፤ ኢረሩን በዓይናችሁ እዩት። ከዚያ ኤክስቴንድ አድርጉና እንደገና ጠይቁት። ከዚያ ኢንክሉድድን ጻፉና ሁለቱን በአንድ መስመር አድርጉት። መጨረሻ ላይ አንሴስተርስን ጥሩና የእናንተ ሞጁል ስንተኛ ላይ እንደተሰለፈ ንገሩኝ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ዓ.ም. ነው፤ ሞጁላችሁ ያን ዓመት ሲጠየቅ «አዎ» ካለ እጃችሁን አውጡ፣ መጥቼ አያለሁ። ጥያቄ ያላችሁም ጠይቁ፤ በየወንበራችሁ እየዞርኩ ነው።

በጣም አመሰግናለሁ።